ሦስተኛው ዘፈን

ሬሳ ለማየት በነጠላ ጫማ የሄደ መርማሪ ቢኖር እሱ ነው። ምን ያድርግ? የሟቿ ቤት ከራሱ ቤት አናት ላይ ነው፤ አሥራ ስምንት ደረጃ ብቻ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከላይ ጩኸት ሲሰማ ጥርሱን እየቦረሸ ነበር፤ ቡርሹን እንደያዘ ወጣ።

ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። የሕንፃው ዘበኛ ቢያንኳኳ መልስ ሲጠፋ በትርፉ ቁልፍ ከፍቶ፣ ያየውን አይቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቀርቷል። ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ» የሚላት ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናዋ ሥር በጎኗ ወድቃለች። ጭንቅላቷ የመኪናውን የብረት ጠርዝ መትቶ ደሙ ወለሉ ላይ ደርቋል። ግማሽ እጅጌው የተሰፋ ቀሚስ አሁንም ከመርፌው ሥር ነው።

«አዙሯት ወድቃ ይሆናል» አለ ዘበኛው።

መርማሪው ጎንበስ ብሎ አንገቷን አየ። ሁልጊዜ የምታንጠለጥለው ሜትር ለሁለት ተበጥሷል። ሜትር ደግሞ ለብቻው አይበጠስም፤ ሰው ይዞ ሲጎትተው ነው።

ማስታወሻውን አስመጥቶ ክፍሉን መጻፍ ጀመረ። መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን የተቀመጠ የበር ቁልፍ አለ። የእጅ መታጠቢያው ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የጠጣ እርጥብ ጨርቅ ተጣጥፏል። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ግድግዳ ደግሞ ከወለሉ እስከ ደረት ድረስ ተወልውሎ ከቀረው ነጥቷል፤ መሃሉ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል። «ንጹሕ ሴት ነበረች» ብሎ አሰበና ግድግዳውን አለፈው። ማለፉ ኋላ ሊቆጨው ነው።

ባልደረቦቹ ይህን ሰው «አይተኛም» ነው የሚሉት። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሌባ ሲጠብቅ ሦስት ሌሊት መኪና ውስጥ ዓይኑን ሳይከድን አሳልፎ ነበር፤ ስሙ ከዚያ ወዲህ ተጣብቆበት ቀረ። አዳዲስ ፖሊሶች ታሪኩን እየጨማመሩ ያወሩታል፤ ሌሊቶቹ አሁን አምስት ደርሰዋል። እሱም አያርማቸውም፤ ደስ ይለዋል።

የመጀመሪያ ምስክሩ የገዛ ሚስቱ ሆነች። አስተማሪ ናት፤ ማታ ማታ ደብተር ስታርም የእትዬ መኪና ከላይ ሲንጫጫ አብሯት ያመሻል። በዋዜማው፣ ሐሙስ ማታ፣ የሁለት ሰዓቱ ዜና ርዕሶች ተነብበው ሳያልቁ መኪናው ቀጥ ማለቱን ነገረችው። «ሁለት ሰዓት ከአምስት ቢሆን ነው። እጅጌ ጀምራ ሳትጨርስ አትነሳም፤ ሰው አንኳኩቶባት ነው የተነሳችው» አለች። ከዚያ መለስ ብላ፣ «አንተማ የት እንደነበርክ ታውቃለህ» ብላ ወደ ደብተሯ አቀረቀረች። በስድስት ወር አንዴ ያመሸበትን ቀን መርጦ ሞት መምጣቱ እሱንም ከንክኖታል።

ያመሸው ከሕንፃው ጀርባ፣ በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ብቻ በሚለየው ባር ነው። ባሩ ሲከፈት ጀምሮ ወጣቱ በር ላይ ይሰለፋል። ዝነኛ ያደረገው አንድ ነገር ነው፦ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን መብራት ሁሉ ይጠፋል፤ ስልክ ይከደናል፤ ለግማሽ ሰዓት ማንም ሳያወራ፣ ማንም ሳያዝዝ፣ አንድ የሸክላ ገጽ ከዳር እስከ ዳር ይደመጣል። እትዬ ጫጫታውን ስትከስ «ያችን ግማሽ ሰዓትስ እወዳታለሁ፤ ቀሪው ነው የሚያሳብደኝ» ትል ነበር።

መርማሪው በራሱማ እግሩን አያነሳም ነበር። የጋበዘው አንደኛ ፎቅ ያለው መሐንዲስ ነው፤ ሳቂታ፣ ሕንፃው ሲሠራ ተቆጣጣሪ የነበረ፣ የሁሉንም ቧንቧ የሚያውቅ ሰው። መርማሪው ሁለት ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሲገባ ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዘው። «ጎረቤት ሆነን አንድ ቀን አብረን አንቀመጥ? ዛሬ ካልሆነ ተቀይሜሃለሁ» አለው። እምቢ ማለት አሳፈረው። ከጀርባው በር አጠገብ ያለ ጥግ፣ ባለ መስመር ጨርቅ ሰፊ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። አንድ አንድ ብርጭቆ ያዙ፤ መብራቱ ጠፋ፤ ሙዚቃው እንደሚያዘው ዓይኑን ጨፈነ። መብራቱ ሲበራ መሐንዲሱ ከጎኑ ሆኖ እያጨበጨበ ነበር።

ስለዚህ የሕንፃው ሰው ሁሉ ከሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል የት እንደነበረ ሲጠየቅ፣ የመሐንዲሱ ነገር ቀላል ሆነ። አምስቱንም ዘፈን እንዳጣጣመ፣ ጎረቤቱም ጉልበቱን በጣቱ እየመታ ሲሰማ እንደነበር ተናግሮ ፈረመ። መርማሪውም ከሥሩ ጻፈ፦ «ከጎኔ አልተነሳም። ነቅቼ ነበር፤ አይቼዋለሁ።» ብዕሩ ሦስተኛዋ ቃል ላይ አንዴ ቆም ብሎ ነበር። አይተኛም የሚባል ሰው ሌላ ምን ብሎ ይጽፋል?

ጥርጣሬው በመጀመሪያ ያረፈው የባሩ ባለቤት ላይ ነበር። እትዬ ባሩ እንዲዘጋ የጎረቤቱን ፊርማ ስታሰባስብ መክረሟን ማን ያጣዋል? ባለቤቲቱ ግን በጨለማው ሰዓት ፊት ለፊት በር ላይ ቆማ ሰው እንዳይገባ ስትመልስ ነበር፤ የተመለሱት ሰዎች ሁሉ መሰከሩላት። «የኔን በር ማንም አላለፈም» አለች። «የጀርባው በር የሠራተኛ ነው፤ በሱ የወጣ ካለ የቤት ሰው ነው።»

የቤት ሰው ተገኘ። የባንኮኒው አስተናጋጅ የእትዬ የወንድም ልጅ ነው፤ እሷ ያሳደገችው፣ እሷው ዘንድ የሚኖር። ዕቃ አጣቢዋ በጨለማው መሃል ከማድቤት ብቅ ስትል በጀርባ በር ሲወጣ አይታዋለች። ያን ዕለት ቀትር ላይ ደግሞ ዘበኛው ሁለቱን ደረጃ ላይ ሲጣሉ ሰምቷቸዋል። እሷ ያንን ባር ልቀቅ ትላለች፤ እሱ «በቃ፣ ከዛሬ ወዲያ አታይኝም» ይላል። ጠረጴዛው ላይ የተገኘው ቁልፍም የሱ ሆኖ ተገኘ።

መርማሪው ጣቢያ አስቀምጦ ጠየቀው።

«ቁልፉን የጣልኩላት ቀትር ላይ ነው፤ ተናድጄ» አለ ልጁ። «ማታ ይቅርታ ልላት ወጣሁ። አንኳኳሁ። መብራት አለ። ውስጥ ቧንቧ ሲፈስ እሰማለሁ፤ እሷ ግን አትከፍትም። አኩርፋለች አልኩና ተመለስኩ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ጨለማ ነው ጋሼ። ስልክ ተከድኗል። በምን አውቃለሁ?»

«ቧንቧ የሚፈስበት ቤት ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው።»

«እኔም እሷ ናት ብዬ ነዋ!» አለ።

አዛዡ ፋይሉን አገላብጠው ጨረሱ። ጠብ አለ፤ ቁልፍ አለ፤ በጀርባ በር መውጣት አለ። ሰኞ ጠዋት ልጁ ለዐቃቤ ሕግ እንዲተላለፍ አዘዙ። «አንተ ምን ጨነቀህ?» አሉት። «ሌላው ሰው ሁሉ ማስረጃ አለው። የአንዱማ ማስረጃ አንተው ነህ።»

እትዬ ቅዳሜ ተቀበረች። ልጁ ልቅበራት ብሎ ለመነ፤ አዛዡ ያመልጣል ብለው ከለከሉ። የሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ መሐንዲሱ ነበር። ዓይኑ ቀልቶ፣ ትከሻው አቧራ ለብሶ፣ መርማሪውን አቅፎ «ምን ዓይነት ዘመን ነው፤ ያሳደጉት!» አለው። መርማሪው ጀርባውን መታ መታ አደረገለት። አንድ ነገር ግን ቆረቆረው፤ ምን እንደሆነ አላወቀውም። ሰው ሁሉ ስለ ሟቿ ሲያወራ፣ ይህ ሰው ደጋግሞ የሚያወራው ስለዚያ ማታ ነው፤ ስለ ሶፋው፣ ስለ ዘፈኖቹ፣ አብረው ስለማምሸታቸው።

ከቀብሩ በቀጥታ ወደ ባሩ ሄደ። በቀን ብርሃን ባር ያሳዝናል፤ ወንበሮቹ ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ወጥተዋል፤ ቤቱ የወለል ማጽጃ ይሸታል። ሸክላ አጫዋቹ፣ ፂሙን ያንዠረገገ ረጅም ሰውዬ፣ ሸክላዎቹን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል። መርማሪው አስተናጋጁ የወጣበትን ሰዓት ብቻ ነበር የፈለገው።

«ሰዓቱን አላውቅም፤ ዘፈኑን ግን አውቃለሁ» አለ አጫዋቹ። «ከሦስተኛው ዘፈን በፊት ከባንኮኒው አልተነቃነቀም።»

«በጨለማ እንዴት አወቅክ?»

«ሦስተኛው ላይ መርፌው ተሰክቶ ቀረ አይደል? አንዷን ቃል መላልሶ መላልሶ ሲላት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባትሪ አብራልኝ ብዬ የጮህኩት ለሱ ነው፤ አበራልኝ፣ አስተካከልኩ። ከዚያ በኋላ ነው የወጣው።» ቀና ብሎ አየው። «እርስዎም ነበሩ እኮ ጌታዬ። አያስታውሱም?»

መርማሪው አላስታወሰም። ሳቅ አላስታወሰም፤ ባትሪ አላስታወሰም። ያስታወሰው የመጀመሪያውን ዘፈን መግቢያ፣ ቀጥሎም ጭብጨባውን ነው። በመካከሉ ምንም የለም።

«አዎ፣ አስታወስኩ» አለ። ውሸት አንዴ ከፈረሙበት አበል እንደሚጠይቅ ልጅ ነው፤ በየቀኑ እጁን ዘርግቶ ይመጣል።

ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ እትዬን ከመኪናዋ ያስነሳት ሰው ሌላ ነው፤ ልጁ ያኔ ባንኮኒው ጀርባ ነበር። ይህን እያሰላሰለ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ከቀብር መልስ ልብሷን ሳትቀይር ሳሎን ተቀምጣለች።

«ያን ዕለት ማታ ስገባ ምን እመስል ነበር?» አላት።

«ምን ትመስላለህ? እንደ ሕፃን ተኝተህ የተነሳህ ነዋ። የሶፋው መስመር ጉንጭህ ላይ ታትሞ ነበር፤ አራት መስመር። ልስቅብህ ብዬ አዘንኩልህ።»

ጉንጩን በእጁ ዳበሰ፤ መስመሩ አሁንም ያለ ይመስል። ነቅቼ ነበር ብሎ መፈረሙን ነገራት።

«ለምን?» አለች።

«አፈርኩ።»

«ልጅ ታስሮ አንተ አፈርክ።» አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ከዚያ «እሱስ ነቅቶ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ያኔ ነው የቆረቆረው ነገር የወጣለት። መሐንዲሱ «ጉልበቱን በጣቱ እየመታ ሲሰማ ነበር» ብሎለታል። የተኛ ሰው ጉልበቱን አይመታም። ሰውዬው ያላየውን ነው የፈረመው፤ ለምን ቢባል እሱ ራሱ እዚያ ስላልነበረ። ጥግ መርጦ፣ የጀርባ በር መርጦ፣ ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው መርጦ ነው የጋበዘው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ።

«ግን ምን አድርጋው?» አለ መርማሪው። «ከእትዬ ጋር ክፉ ተነጋግረው አያውቁም።»

ሚስቱ ተነሳች። ወደ መኝታ ቤት ወስዳ ቁም ሣጥኑን በአንድ በኩል ያዝልኝ አለችው፤ ተጋግዘው ጎተቱት። ከወለሉ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ ነበር፤ አውራ ጣት ይገባበታል። ከጎኑ በሰማያዊ የስፌት ጠመኔ አጫጭር መስመሮች ተሰምረዋል፤ በየመስመሩ አጠገብ ቀን ተጽፏል። እያንዳንዱ መስመር ከፊተኛው ጥፍር ያህል ከፍ ይላል።

«እትዬ ናት የምታሰምረው። የኛንም የራሷንም። ስንት ጊዜ ነገርኩህ፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል ብዬ? በኋላ አየዋለሁ አልክ።»

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይሏል ይሄ ነው። የሰው ቤት አቧራ ሲለካ የሚውል መርማሪ፣ ትራሱ ሥር ያለውን ስንጥቅ አላየም። የእትዬ ግድግዳ መወልወሉ፣ ጨርቁ ላይ ያለው ሰማያዊ፣ ልጁ የሰማው ቧንቧ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ገዳዩ ጠመኔውን ጠርጎ ሄዷል። ስንጥቅ ግን በአንድ ፎቅ አያልቅም።

«ከታች ነው የሚመጣው ትል ነበር» አለች ሚስቱ። «ከአንደኛ ፎቅ። አርብ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ ሊያይ ይመጣል ብላኝ ነበር።»

የሞተችው ሐሙስ ማታ ነው። የሕንፃው ቤቶች ሁሉ በአንድ ፕላን የተሠሩ ናቸው፤ የመሐንዲሱ ሳሎን ግን ከሁሉም ይሰፋል። መርማሪው አንዴ ገብቶ፣ ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ፣ «ታድለህ!» ብሎት ነበር። መሃል ላይ መኖር የነበረበት ምሰሶ ፈርሶ እንደሆነ አላሰበም።

እሁድ ጠዋት አዛዡ ቤት ሄደ። የጻፈውን አዲስ ቃል አቀረበላቸው፤ አንድ ገጽ አይሞላም። አዛዡ አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ደግመው አነበቡት።

«ተኝቼ ነበር ነው የምትለኝ?»

«ተኝቼ ነበር።»

«የሐሰት ቃል ፈርመሃል። በዚህ ማዕረግህ እንደሚሄድ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ከሰኞ በፊት ግን የአንድ ሰዓት ፈቃድ ይስጡኝ።»

ከቀትር በኋላ መሐንዲሱ ባሩ ውስጥ፣ በዚያው ሶፋ ላይ ተቀመጠ። አንዲት የቀረች ፊርማ አለች ተብሎ ነው የተጠራው። አጫዋቹ ማዶ ሸክላ ይወለውላል፤ ሁለት ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ባንኮኒው ጋ ለስላሳ ይዘዋል።

«አይተኛም፣ እሁድም አታርፍ?» አለ መሐንዲሱ እየሳቀ።

መርማሪው አብሮት ፈገግ አለና ለፋይሉ ሙላት ያህል ስለ ዘፈኖቹ ጠየቀው። መሐንዲሱ ደስ እያለው ተረከ። የመጀመሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ሞቅ ይላል።

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው? እሱማ ልዩ ነው። ቤቱ እንዴት ጸጥ ብሎ እንደሰማው! ኮሽታ አልነበረም።»

«እኔስ?»

«አንተማ ጉልበትህን እየመታህ ነበር አልኩህ እኮ።»

መርማሪው ለአጫዋቹ በእጁ ምልክት ሰጠ። ሸክላው ዞረ። ድምፃዊቷ ሦስተኛውን ዘፈን ጀመረች፤ ሁለት ስንኝ ያህል ሄዳ ተሰናከለች። አንዷን ቃል ያዘች፤ ደገመች፤ ደገመች፤ ደገመች። አጫዋቹ እጁን አጣጥፎ ቆመ እንጂ አላስተካከለም።

«ያን ዕለትም እንዲህ ነበር» አለ መርማሪው። «ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ባትሪ በራ። እኔና አንተ ግን ገና አሁን መስማታችን ነው። እኔ ተኝቼ ነበር። አንተ የት ነበርክ?»

መሐንዲሱ ለመሳቅ ሞከረ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ምስክሬ አንተ ነህ ወንድሜ። እሱን ከቀደድክ አብረን ነው የምንወድቀው።»

«ጠዋት ቀድጄዋለሁ። ባለሙያዎቹም አሁን ሳሎንህ ውስጥ ናቸው፤ የምሰሶውን ቦታ እየለኩ።»

ሸክላው ያችን ቃል እየደጋገመ ነው። መሐንዲሱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እባክህ አጥፋው» አለ ለአጫዋቹ፤ ሲጠፋም ቤቱ ጭር አለ። «ልለምናት ነበር የወጣሁት። ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ያስሩኛል፣ አንድ ወር ስጪኝ አልኳት። አርባ ሰው ይተኛበታል አለችኝ። ገፋኋት። አንዴ ነው የገፋኋት።»

«ልትለምናት ከሆነ እኔን ለምን ጋበዝከኝ?»

መሐንዲሱ ዓይኑን ወደ ጀርባው በር ወረወረ። ፖሊሶቹ ለስላሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ።

ሰኞ ጠዋት መርማሪው ማዕረጉን ከማስረከቡ በፊት አንድ ሥራ ነበረው፤ ልጁን በራሱ እጅ ማስፈታት። ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን መለሰለት፤ ማን እንደገደላትና ለምን እንደሆነ ነገረው። ሕንፃው እስኪጠገን ሰው ሁሉ እንዲለቅ መታዘዙን፣ አርባ ሰው የተረፈው በእሷ ጠመኔ መሆኑን ነገረው። የራሱንም ጉድ አልደበቀም፤ ተኝቶ እንደነበር፣ ነቅቼ ነበር ብሎ እንደፈረመ።

ልጁ ማሰሪያውን እያሰረ ሰማው። ሲጨርስ ቀና አለ።

«ያን ዕለት አርብ ሲፈርሙ ተኝቼ ነበር ቢሉ ኖሮ፣ መሐንዲሱ ይጠየቅ ነበር?»

«ይጠየቅ ነበር።»

«እኔስ እለቀቅ ነበር?»

«ሳትለቀቅ አትቀርም።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ሒሳቡን ሠርቶ የጨረሰ ሰው ይመስላል።

«እንግዲያው ቅዳሜ እቀብራት ነበር» አለና ወጣ።

መርማሪው በሩን ይዞ ቆመ። ተከትሎት ይቅርታ ሊለው ፈልጎ ነበር፤ ቀኑ ግን ሰኞ ነው፤ ቅዳሜ አልፏል።